በሶብላና ሁለት ነጥብ

ሰባተኛ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ጽሕፈትሽ አማረ ይሉኛል፤ እኔም መባሉን አልጠላሁትም። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ወደ እጅ ሥራው የጠራኝም ለዚሁ ነው። በየረቡዑ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት ደባርቅ የሚያድሩ ሾፌሮች ቁርሳቸውን ዳቦ በማርመላታ ይበላሉ፤ ሆቴሉ ባዶውን ብልቃጥ ለእኛ ይሰጣል። እኛ አጥበን፣ የቀበሌው በር ከተቀባ በተረፈ ቀለም አበባ ሥለንበት፣ የቅመም ማስቀመጫ እናደርገዋለን። ብሩሹ አንድ ብቻ ስለሆነ የምንሥለው በዶሮ ላባ ነው። የእኔ ድርሻ በየብልቃጡ ላይ የቅመሙን ስም መጻፍ ነው።

ሁሉም ሲያጽፉኝ ጎረቤታችን እማማ ብቻ እምቢ አሉ። እማማ መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ባለቤታቸው ግን ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ። የሚስታቸውን ደብተር አይተው፣ ይኼ ዶሮ የጫረችው ጭረት እንጂ ጽሕፈት አይደለም ብለዋቸዋል። እማማ ይህን ያወሩልን እየሳቁ ነው፤ ወዲያው ግን ላባውን ከእጄ ወሰዱ።

«የእኔን ራሴ እጽፈዋለሁ» አሉኝ። «ቤቴ አስቀምጠዋለሁ። እሳቸውም በገዛ አፋቸው ያነቡታል።»

የመረጡት በሶብላ ነው። በቀይ ቀለም፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው፣ «በሶ» ድረስ በደኅና ሄዱ። እዚያ ላይ ብልቃጡ የተጋጠመበት ጉብ ያለ መስመር መጣና ላባው አላልፍ አለ። ይዝለሉት አልኳቸው። ዘለሉትና ከማዶው «ብላ» ጻፉ። መሐል ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ዓይኔን ቆረቆረኝ፤ ለጌጥ ብዬ መስመሩ ላይ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ሁለት ቢጫ ነጥብ አደረግሁበት። ሊቀመንበሯ ብልቃጡን አንስታ አየችና፣ ከእንግዲህ መፈክሩንም ጓድ እማማ ይጽፉልናል ብላ ቀለደች። እማማ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውት ገቡ።

በሳምንቱ ረቡዕ ከእጅ ሥራ አብረን ስንመለስ ባለቤታቸውን ደጃፍ ላይ አገኘናቸው፤ በቅል ውሃ ይዘው እየተጉመጠመጡ የሆነውን ነገሩን። የሁዳዴ ቅዳሴ ያበቃው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ያልቀመሱ ሰው፣ ቤት ሲገቡ ሚስት የለችም፤ ቆጡ ላይ ያ ብልቃጥ አለ። የግዕዝ ጸሐፊ ደግሞ ሁለት ነጥብ ካየ አንዱ ቃል አልቆ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። በሶ፡ብላ። አስባ ትታልኛለች ብለው፣ በዚያ ብራና ባደከመው ዓይናቸው ጨለም ባለው ቤት ውስጥ፣ የተፈጨውን በሶብላ በውሃና በጨው ለውሰው ጎረሱት።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ነጥቡ የእኔ ነው፤ ጦሱ ግን ለእማማ ሊተርፍ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ እኒህ ሰውዬ የሚስታቸውን ፊደል ዞር ብለው አያዩትም ብዬ ፈራሁ። እየተንተባተብኩ፣ ነጥቡን ያደረግሁት እኔ ነኝ አባ፣ ለጌጥ ነው አልኳቸው።

ብልቃጡን ከቤት አውጥተው ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም እንጂ ለቅመም እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቀጥለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ነጥብ በቃል መሐል አይገባም። የ'ላ'ሽም እግር አጥሯል። ስሕተት ነው የጻፍሽው፤ ፋቂውና ድገሚው።»

እማማን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን እስከ አጥሩ በር ሸኙኝና ክንዴን ጨመቅ አደረጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሰማሽልኝ?» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ጭረት ነበር የሚሉት። አሁን ስሕተት አሉት።»