ባሱን በቃሌ ይዤ ወጣሁ

የእህቴ ልጅ ስትደውልልኝ ከሥራ ወጥቼ በሰው አገር በረዶ ውስጥ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። «አክስቴ፣ ያ ሸክላችሁ እንደገና ታተመ» አለችኝ። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ሲጫወት ሰምታ የማን ነው ብላ ብትጠይቅ፣ አስተናጋጁ በትዝብት ዓይን አይቷት፣ ይሄማ ክላሲክ ነው፣ እንዴት አታውቂውም አላት አሉ። አውቶቡሱ መጥቶ አለፈኝ። አልተቆጨሁም፤ ቆሜ አምላኬን አመሰገንሁ።

በሽፋኑ ላይ ስሜ የለም። እንዲኖርም አልፈለግሁም። ዜማዎቹን ግን ከእስር ቤት ወደ ስቱዲዮ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

የተያዝኩት አየር ማረፊያው አጠገብ ከምሠራበት የጭነት ቢሮ ስወጣ ነው። የሰፈራችን ልጆች ይፈቱ በሚል አቤቱታ ላይ ፈርሜ ነበር። ሁለት ሰዎች በትሕትና ለጥቂት ጥያቄ እንደምፈለግ ነገሩኝ። የወሰዱኝ ግቢ ቀድሞ መኖሪያ ቤት ነበር፤ የሴቶቹ ክፍል ደግሞ የዚያ ቤት ማዕድ ቤት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሴራሚክ ነው። ምድጃው የተነቀለበት ቦታ እንደጠቆረ ቀርቷል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ክፍሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሲያስል ድምፁ ግድግዳውን ዞሮ ይመለሳል።

እዚያ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሳክስፎን ነፊ አገኘሁ። በአንድ ያልተፈቀደ የሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ ስለተጫወተች ነው የታሰረችው። ጓደኞቿ ከኦሎምፒያ ጀርባ ምድር ቤት ውስጥ ባለ ስቱዲዮ አልበም ሊቀዱ ነበር። ሕንፃው ሊፈርስ ስለሆነ ከዚያ ሳምንት ወዲያ ስቱዲዮ የለም። ዜማዎቹ ደግሞ በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበሩ፤ ለባንዱ ገና አላስጠናችም። ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ነው። ጠያቂም አይገባላትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ቢሮ ጠርተዋት ስትመለስ ፈገግ ብላ ነበር። ካሜራ ፊት ቀርባ ተጸጽቻለሁ ካለች ለአልበሙ ቀረጻ ትደርሳለች ብለዋት ነው። ምን እንደመለሰች ጠየቅናት።

«ሁለተኛው ዜማ ላይ ቸኩያለሁ፤ ለእሱ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኳቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲያልፍ ግን እምቢ ስትል ምን እንዳጣች ሁላችንም ገባን።

መላውን ያመጡት ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ የስልጤ ሴት ናቸው፤ በልጃቸው ምክንያት የታሰሩ። «እንግዲያስ ለእኛ አስጠኚና» አሏት። «ቀድማ የወጣች ታደርስልሻለች።» ማን መቼ እንደሚፈታ ስለማይታወቅ ሁላችንም ሁሉንም እንድንይዝ ተስማማን።

እኔ አመነታሁ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር፤ በጾም ዘፈን ላጠና ነው? ቃል አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቃል የለውም አለች። ይሄ ሃርድ ቦፕ የሚባለው ጃዝ እንዲያውም ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ብዙ ወስዷል፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል ብላ አስረዳችኝ። ነጋዴዋ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ፣ ፈጣሪ ቃል የሌለው ነገር ሰምቶ የሚደነግጥ መሰለሽ? ወፉን ማን ፈጠረውና ነው?»

ተነስቼ ወደ እነሱ ተጠጋሁ። ደግሞም በቃል ማጥናት የሰንበት ትምህርት ቤት ልማዴ ነው። መሪ ያወጣል፣ ተቀባይ ይቀበላል፤ እስኪዋሐድ ድረስ ይደጋገማል። እንደዚያው አደረግን። እሷ የሳክስፎኑንና የመለከቱን ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ነጋዴዋ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገልብጠው ይመታሉ፤ በርበሬ ሲወቅጡ እንደኖሩ ክንዳቸው አይደክምም። ወፍራሙን የባስ ድምፅ ግን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እኔም የምይዘው ካሸበሸብኩ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን እንደለመድኩት ጎንበስ ቀና እያልኩ፣ ጭብጨባዬን አዘግይቼ።

«እህቴ፣ ይሄ ባስ እንደ እግር ሳያቋርጥ የሚራመድ ነው። አንቺ አቆምሽው» ትለኛለች። አስተካክላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ያው እመለሳለሁ። በመጨረሻ ተወችኝ።

ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ የተባልኩ ቀን ገና ቁርስ አልቀረበም። ብርድ ልብሴን ለነጋዴዋ ሰጠሁ። ጠባቂዋ በሩን ከፍታ፣ ቶሎ በይ አለችኝ። ሴቶቹ ግን ሁሉም ተነስተው ቆሙ፤ አፋቸውን ዘግተው የመጀመሪያውን ዜማ ማጉረምረም ጀመሩ። ሴራሚኩ ድምፁን አባዛው። ጠባቂዋ ቶሎ በይ ማለቷን ትታ እስኪያልቅ በሩን ይዛ ቆመች። ሳክስፎን ነፊዋ ለቤተሰቧ እንኳ መልእክት አልሰጠችኝም። «አትቸኩዪበት» ብቻ አለችኝ።

እቤት አልሄድኩም። በመንገዴ ያገኘሁትን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሜ በቀጥታ ወደ ኦሎምፒያ ታክሲ ያዝኩ። እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሙሉ ሳጉረመርም አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ «በርቺ ልጄ፣ ጸሎት ነው ደጉ» አሉኝ።

ምድር ቤቱ ውስጥ አራት ሙዚቀኞች ዕቃቸውን ሊያነሱ ነበር። ማን እንደላከችኝ ስነግራቸው ተቀመጡ። አንድ በአንድ አወጣሁላቸው፤ እነሱም ተቀበሉ። ባሱ ላይ ስንደርስ ባሲስቱ ግራ ገባው።

«እህቴ፣ አንድ ብለሽ መቁጠር የምትጀምሪው የት ላይ ነው?»

አንድ ምን እንደሆነ አላውቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩና አሸበሸብኩ። ጎንበስ ስል ያው እሱ ነው አልኩት።

«ቁጥሩን ተወው፣ ትከሻዋን ተከተል» አለው ፒያኒስቱ።

ተከተለ። ከበሮ መቺውም ተከተለ። የሳክስፎኑን ቦታ ክፍት ትተው፣ ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት ሁሉንም ቀዱ።

እሷ የተፈታችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ቅጂውን ስናሰማት ሥራዋን ያበላሸሁባት መስሎኝ መሬት መሬት አየሁ። አንዴ ሰማች። እንደገና አሰሙኝ አለች።

«እኔ የሠራሁት የሚራመድ ሰው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እናንተ አቁማችሁ አመሰገናችሁበት። አትንኩት።»

ከዚያ በሌላ ስቱዲዮ ሳክስፎኗን አንስታ በላዩ ነፋችበት። ዛሬ ወጣቶቹ ስለዚያ ባስ ብዙ ሲጽፉ አያለሁ፤ ከየት እንደመጣ ይከራከራሉ። እኔ እዚህ አረጋውያን በምንከባከብበት ቤት አልጋ ሳነጥፍ አጉረመርመዋለሁ። አንደበታችን ሊዘጋበት በታሰበ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር ዜማ ሰጠን፤ የሰጠውንም አደረሰው።

አራተኛው ዜማ መሐል ላይ ሳክስፎኗን ከአፏ ታወርዳለች። ባሱና ከበሮው ብቻ ይቀራሉ። ብዙ ሰው ዕረፍት ይመስለዋል። የተቀባዮቹ ቦታ ነው፤ ለእናንተ፣ ለማዕድ ቤቱ ሴቶች ብላ ነው የተወችው።

በዚያ ማዕድ ቤት አብረን የነበራችሁ እህቶቼ፣ እትዬ የሾላዋም በሕይወት ካሉ፦ ሳክስፎን ነፊያችን አልበሙን በሙሉ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ልትጫወተው ነው። ፈልጊልኝ ብላኛለች። እባካችሁ ሂዱላት። ወንበር ላይ አትቀመጡ፤ መድረኩ ላይ ከጎኗ ቁሙ። እዚያ ቦታ ስትደርስ ተቀበሏት፤ እኔ ሩቅ ነኝና የእኔንም ጨምራችሁ።