ጆሮዬን የደበቅሁበት ገመድ

ወልቂጤ ላይ ያሰሩን ሲሚንቶ ይቀመጥበት በነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሊያን የጅማን መንገድ ሲያወጣ ለዕቃው የሠራው ነበር፤ መስኮት የለውም። ሌላው ሰው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጨለማውን ነው። እኔ ያየሁት ጣራውን ነበር። ቀና አልኩና «ዝናብ ቢመጣ ምን ይውጠኛል?» አልኩ በሆዴ። ጆሮዬ ከታመመ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ በድማሚት በሚፈነዳበት ቦታ ጉልበት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ድማሚቱ ያለ ሰዓቱ ፈነዳና አንድ ካሚዮን አደቀቀ፣ የሥራ አለቃችንን የጣሊያኑን ካቦ እግር ቆረጠ። «ሆን ብሎ የለኮሰው አለ» ተባለና ሠራተኛውን በሙሉ፣ መንገድ ላይ ያገኙትንም ነጋዴ ጨምረው አጎሩን። አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ፣

«የለኮሰው ሰው ቅርብ ነበር። ቅርብ የነበረ ሰው ጆሮው ደህና አይሆንም። ጆሮውን ታሞ የደበቀ ከተገኘ ይሰቀላል» አለን።

ቅርብስ ነበርኩ። የለኮስኩት ግን እኔ አይደለሁም። የኛ ሰው ሥራ ሲውል ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ፀሐይ እንዳያደርቅበት ድንጋይ ጥላ ሥር ይሸጉጣል። እኔ ደግሞ፣ ልብ አልሰጠኝም፣ ከሚፈነዳው ቋጥኝ አጠገብ ሸጉጬዋለሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እኔ ምሳዬን ላመጣ ወጣሁ። ትንሽ እርምጃ ሲቀረኝ ምድር ተገለበጠች። ቆጮውንም አልበላሁት።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ጭው ማለቱን አላቆመም። ሰው ሲያወራ ቃሉ በጭውታው መሐል ይጠፋብኛል። ጸጥ ሲል ይባስ ይጨምራል። ደግሞ ጉድ ነው፣ ንግግር የማይሰማ ጆሮ ብረት ሲንኳኳ በወስፌ እንደተወጋ ያመዋል። ወታደሩ ምግብ ሲያመጣ በሩን በጣሳ ይደበድባል። ያን ጊዜ እጄ ወደ ጆሮዬ እንዳይሄድ ብብቴ ውስጥ እሸጉጠው ነበር። መቀመጥ አቃተኝ። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ግድግዳውን በጥፍሬ እጭራለሁ። ሰዎቹ «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» ማለት ጀመሩ።

ነገሬን ያወቀው ከጎኔ የነበረው ሽማግሌ ነው። የመስቃን ሰው ነው፣ ሙስሊም፣ በርበሬ ጭኖ ሲያልፍ የተያዘ። አንድ ጠዋት ክንዴን ነካ አድርጎ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ሦስት ጊዜ አሰላሙ አለይኩም አልኩህ። ጨዋ ልጅ ትመስላለህ፣ ሰላምታ አትነሣም» አለኝ።

«አልሰማሁም አባባ።»

«አውቄያለሁ። ዝም በል። እኔም በግራ በኩል ግንብ ነኝ፤ የኔው የዕድሜ ነው።»

ለበቅሎዎቻቸው ጭነት የሚሆን ገመድ ከቃጫ እንድንገምድላቸው አዘውን ነበር። ገመድ ለሁለት ነው የሚገመደው፤ አንዱ ጫፉን ይዞ ሲወጥር ሌላው ያከርራል። ሽማግሌው በቀኝ ጆሮው ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠና ጫፉን ለኔ ሰጠኝ።

«ስምህ ሲጠራ አንዴ እስባለሁ፣ አቤት በል። ወታደሩ ጣሳውን ሲያነሣ ሁለቴ እስባለሁ፣ ጥርስህን ንከስ።»

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ቃጫው መዳፍ ውስጥ ሲሽከረከር ሽር ሽር የሚል ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ጭውታውን ይሸፍንልኝ ነበር። ድምፁ እስካለ ድረስ መቀመጥ ቻልኩ። ሽማግሌው ሶላቱን ሲሰግድ እንኳ እጄ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ቃጫ ትቶልኝ ነው የሚነሣው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መኮንኑ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ሥራችንን እንድንቀጥል ታዘዘ። አንድ ወታደር ከኋላ እየዞረ የእያንዳንዱን ስም በቀስታ ይጠራል። ጫፉን ጨብጬ ጠበቅሁ። ገመዱ ተሳበ።

«አቤት!» አልኩ።

አለፈኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ሽማግሌውን በኮሌታው ሲያነሡት አየሁ። ወታደሩ እኔን አልፎ ሲሄድ በሽማግሌው ግራ በኩል ሆኖበት ነበር። ስሙን ጠርቶታል፣ እሱ አልሰማም። እኔም አልሰማሁም፤ ገመዱን ልስብለት አልቻልኩም። እሱ ለኔ ስንት ጊዜ ሲስብ እኔ አንዴ እንኳ ሳልስብለት ቀረሁ።

«አገኘነው ይላሉ» ሲል አስተርጓሚው ጮኸ።

ሽማግሌው ወደኔ አላየም። «ያ ረቢ» ብቻ ሲል ከከንፈሩ አየሁ፤ ነጠላውን አስተካከለ።

ፈራሁ። አልዋሽም። ዝም ብል እተርፋለሁ። ግን ጫፉ እጄ ላይ ነበር፤ እሱን ሲጎትቱት ገመዱም ከመዳፌ ይንሸራተታል። ጨበጥኩትና ተነሣሁ።

«እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው የዕድሜ ነው። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አስተርጓሚው አፍጥጦ አየኝና ጮኸብኝ። «አንተ ነህ የለኮስከው?»

«አይደለሁም። ምሳዬን ላመጣ ሄጄ ነው። ቆጮዬን ድንጋይ ሥር ሸጉጬ።»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን ይሁን እንባውን እንጃ። ከዚያ በጣሊያንኛ ለመኮንኑ ብዙ አወራ፤ እኔ ካልኩት በጣም የሚበዛ። በእጁ ኮባ ሲጠቀልል፣ ድንጋይ ሥር ሲያስገባ አሳየው። የኔን እውነት ብቻ ይሁን የራሱን ጨምሮ እስከዛሬ አላውቅም። መኮንኑ እንደ እብድ አየኝና በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሽማግሌውን ወደ ቦታው መለሱት። እኔን አወጡኝ፣ ተገረፍኩ፣ ጣሊያኖቹ ካገር እስኪወጡ ድረስ ድንጋይ ስሸከም ኖርኩ። አልሰቀሉኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሽማግሌውን ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ተራ ላይ አገኘሁት። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይጮሃል፤ ሰው የተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጣ። ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲሰናበተኝ አንድ እስር ቃጫ ገዝቶ ሰጠኝ።

እሱ ከሞተ ቆየ። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል፤ ይህን ስጽፍም አለ። ልጆቼ ሳህን ሲያጋጩ ከቤት እወጣለሁ። ቀን ቀን ደጅ ቁጭ ብዬ ገመድ እገምዳለሁ። ወጣሪ ስለሌለኝ ጫፉን ከአጥሩ እንጨት ጋር አስረዋለሁ። ነፋስ አጥሩን ሲነቀንቀው ገመዱ አንዴ ሳብ ያደርገኛል። «አቤት» እላለሁ። ከዚያ በተራዬ አንዴ እስባለሁ።