አራት ጣት ሽቦ

ገብረመስቀል ሶዶ ገበያ ጥግ ባለችው ሱቁ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ሱቋን የከፈቷት ከጉራጌ አገር የመጡት አባቱ ናቸው፤ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። አሁን እሱም ደክሞታል። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል፣ ዓይኑም ፈዟል። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በኋላ ሱቁን ዘግቶ ቁጭ ሊል ለሚስቱ ለፋንታዬ ቃል ገብቷል። እስከዚያ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ስሙን እንደያዘ መውጣት። «የገብረመስቀል እጅ ነው» ከተባለ ሰፈሩ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ጣጣው የጀመረው ግን ከገዛ ቤቱ ነው። የሰፈሩ መብራት ሦስት ዓመት ሙሉ ደካማ ነበር፤ አምፖሉ ይበራል እንጂ አያበራም። ፋንታዬ አንድ ቀን፣ «የሰው ምድጃ ስትጠግን ትውላለህ፣ የእኔ ውሃ እንኳ አያፈላም!» ብላ ነዘነዘችው። እሱም አንድ ስንዝር ከሚሆነው የምድጃው ጥምዝምዝ ሽቦ ላይ በአራት ጣቱ ለክቶ ቆረጠና የቀረውን ስቦ ዘረጋበት። ምድጃው ወዲያው ቀላ። ፋንታዬ መረቀችው፣ ለጎረቤትም አወራች። ከዚያ በኋላ «ለእኔም እንደ ፋንታዬ አድርግልኝ» የሚለው በዛ። ገብረመስቀል ዕቃ መጣል አይሆንለትምና ቁራጮቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅማቸው ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለ። ሰፈሩ እልል አለ። በሳምንቱ የፊዚክስ መምህርቷ ሰናይት ቀድሞ ያሳጠረላት ሽቦ የተበጠሰበት ምድጃ ይዛ መጣች። ገብረመስቀል «የዘንድሮ ሽቦ አይረባም» ብሎ አዲስ አስገባላት፤ እጁ ለምዷልና አሁንም አራት ጣት ቆረጠ። ሰው ሲደክመው እጁ ሳይጠይቀው ይሠራል።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። በአንድ እጇ ምድጃውን፣ በሌላው ግማሹ የተቃጠለ መጋረጃ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ሽቦው አልተበጠሰም፤ የቀለጠው ገመዱ ነው። መጋረጃውን የለበለበው እሱ ነው። ልጄ አጠገቡ ነበረች» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ሁለቱ የቀለጠውን ገመድ በደህና ቀየሩ። ሰናይት የመብራት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አነሳች። ገብረመስቀል በዚያ ቴስተር መብራት መኖር አለመኖሩን ከማየት በቀር አምፔር የሚለውን ክፍል ነክቶት አያውቅም። እሷ ግን ቮልቱን ለካች፣ ቀጥላም ምድጃውን በቴስተሩ በኩል አገናኝታ ለአፍታ አበራችው። ከዚያ በካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈች።

«ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ስምንት ነጥብ ስምንት አምፔር። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የሽቦው ተቃውሞ ይወጣል፤ ሃያ አምስት ኦም። ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ኃይሉ፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት ዋት።»

«ይኼ ብዙ ነው?»

«ድሮ መብራታችን መቶ ሃምሳ ቮልት ነበር። ያኔ ይኸው ሽቦ የሚስበው ስድስት አምፔር፣ የሚሰጠውም ዘጠኝ መቶ ዋት ነው። አሁን ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ይህ የቀለጠው ቀጭን ገመድ አይችለውም። ሙሉው ሽቦ ግን አርባ ኦም ነው፤ አምስት ነጥብ አምስት አምፔር ቢስብ ነው። ጋሼ፣ ያኔ የታመመው መስመሩ ነበር። እርስዎ ያከሙት ምድጃውን ነው።»

ሰሞኑን ከእሷ ሽቦ የቆረጣት ሁለተኛዋ ቁራጭ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ሰናይት ከሄደች በኋላ ጣሳውን ገልብጦ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ ቁራጭ፤ ሠላሳ አንድ ቤት። አንዷን፣ የሰናይትን የፊተኛዋን፣ አወጣ። ለጊፋታ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ያን ዕለት ደግሞ የሁሉም ቤት ምድጃ ይበራል። ፈራ። ስሙን እንደያዘ መውጣት የሚለው ሐሳብ እዚያው ቀረ፤ አሁን የሚለምነው ሰው እንዳይቃጠል ብቻ ነበር።

ሙሉ ሽቦና ወፈር ያለ ገመድ ተሸክሞ ቤት ለቤት ዞረ። በየደጃፉ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ጉልበቱን ከዳገቱ ይልቅ ሰበረው። አንዳንዱ አመሰገነው። አቶ ጩማ ግን በር ላይ አቁሞ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ እሳት ነው እንዴ ቤቴ ያስቀመጥከው?» አለው። አንዷ ደንበኛው ወደ ጉኑኖ ከተማ ቤት ለውጣለች ሲባል በሚኒባስ ተከትሏት ሄደ። ምድጃ ባስተካከለ ቁጥር ከጣሳው አንድ ቁራጭ ያወጣል።

በጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጣሳው ውስጥ አንዲት ቁራጭ ቀረች። የማን እንደሆነች ጠፋበት። ሰፈሩን በሐሳቡ መንገድ በመንገድ ዞረ፤ ያልገባበት ቤት የለም። ቁራጯን ጨብጦ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፋንታዬ እግሩን የሚታጠብበትን ውሃ ከምድጃው ላይ እያወረደች ነበር። «ዛሬማ ገና ሳትቀመጥ ፈላ» አለች።

ገብረመስቀል ቆመ። ገመዱን ዳሰሰው፤ ላስቲኩ ለስልሶ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ሶኬቱን ነቀለው።

«ፋንታዬ፣ የቀረችው የእኛ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ውሃውን ሳፋ ውስጥ እያበረደች። «ሰናይት የዚያኑ ቀን ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ምድጃው በርቶ እያለ ካጠገቡ ተነስቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እግርህ አብጦ ስትገባ እያየሁ፣ እኔም አንድ ቤት ልጨምርብህ?»

በየሰዉ ደጅ ሲቆም ያልመጣ እንባ አሁን መጣበት። የመሣሪያ ቦርሳውን ሊከፍት ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«ነገ ትሠራዋለህ። ተነቅሏል አይደል? ቁጭ በል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።»

ቁጭ አለ። ቁራጯን እንደጨበጠ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ።