ሙዳየ ጥበብ የተባሉት ሁለቱ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ረዳቱ «ሙዳየ ጥበብ! ሙዳየ ጥበብ!» እያለ ሲጣራ፣ አንዲት ተማሪ «የትኛው? የነርሶቹ ነው የሒሳቡ?» ብላ ጠየቀችው። በዚህ ስም የሚጠሩ ኮሌጆች ዛሬ ሦስት ደርሰዋል፤ እኔ ግን ያ ስም የተጠራበት ታክሲ ላይ፣ በዚህ እርጅናዬ እንኳ አልሳፈርም።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ሙዳየ ጥበብ አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቴ የቅኔ ቤት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ዝናብ በነካው ደበሎ ሽታ መሃል፣ ተማሪዎቹ ከበውት ይቀመጣሉ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀኛል፤ ቅኔው የተበላሸበትን ተማሪ ደግሞ አገር እስኪሰማ ይሰድበዋል። ከሁሉ የሚወደው ልየው የሚባለውን ነበር። ልየው ስምንት ዓመት ከእኛ ማድ በልቶ፣ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ኮት ለብሶና የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ ተመለሰ፤ ከቤታችን ቁልቁል የዘመናዊ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነና በሩ ላይ በትልቅ ሰሌዳ «ሙዳየ ጥበብ» ብሎ አስጻፈ።

አባቴ ጥምጥሙን እንኳ በወጉ ሳያስተካክል ወረደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ስሜን መልስ» አለው።

«የኔታ፣ እርስዎን ላክብር ብዬ እኮ ነው» አለ ልየው። «ደግሞ ስም መሬት አይደለም፤ አይታጠርም።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ሰሌዳ ቸንክረህ ያጠርኸው? ሌባ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታም ቀረ። ሽማግሌ ሲላክ አባቴ በር ዘጋ፤ በዚያኛው ደጃፍ ያለፈ ተማሪ ከጉባኤው ተባረረ፤ የተባረረውን ልየው ደብተርና እርሳስ ሰጥቶ ተቀበለ። ከየኔታ ቁጣና ከልየው ደብተር የትኛው የቅኔ ቤቱን ቶሎ እንዳራቆተው ዛሬም አላውቅም።

እኔ ሴት ነኝና ቅኔ ቤት አልገባም ነበር። ፊደል ግን ያንገበግበኝ ነበርና፣ ውኃ ልቀዳ ነው እያልኩ በእናቴ ምክር ልየው ዘንድ ተመዘገብኩ። አንድ ቀን ደብተሬን መደቡ ላይ ረስቼው አባቴ አነሳው። ሽፋኑ ላይ በእኔ እጅ «ሙዳየ ጥበብ» ተብሎ ተጽፏል። ፊቱ በራ፤ ፈገግ ብሎ «ይህን ሸጋ ጽሕፈት ማን ጻፈው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ዓይኔ ሳላስበው በበሩ ቁልቁል ወደ ልየው ሰሌዳ ሄደ። ገባው። ደብተሩን እንዳነሳው ቀስ ብሎ መደቡ ላይ መለሰው፤ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ምነው በመታኝ! ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ማዕድ አልቀረበም፤ በዓመቱ የመጨረሻዎቹን አራት ተማሪዎች አሰናብቶ እንፍራንዝ ከተማ፣ እህቱ ዘንድ ገባ።

ትምህርቴን ጨርሼ መምህርት ስሆን እሱ ዘንድ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሞ ነበር። እግሩ ሥር ተቀምጬ «አንድ ቅኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ ልጻፈው» ብዬ ለመንኩት።

«ለዚያኛው ሙዳየ ጥበብ ልትሰጪው?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ልየውን ይቅር አላልኩትም፤ አባቴንም ቢሆን እንዲሁ። የዚያን ሁሉ ዓመት ቅኔ የጻፈው ሰው የለም፤ በተማሪዎቹ ልብ ብቻ ነበር። ከእነሱ አንዱን ጠዳ ገበያ እህል ሲነግድ አገኘሁትና፣ አንድ እንኳ ታስታውስ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሸጋ ሸጋ ቅኔ ነበር፣ እህቴ» አለኝ፤ «ግን ረሳሁት።»

እሱንም ጠላሁት።