የመቃ ዓይኑ ዘበኛ

የሷሊሕ ዓይን ወደ ፊት ሲሆን የጭልፊት፣ ወደ ጎን ሲሆን የግድግዳ ነበር። ማማው ላይ ቆሞ ከሮቢ ወንዝ ማዶ የምትግጥ ፍየል ጥቁር ትሁን ቡላ ይለያል፤ ከማማው ሲወርድ ደግሞ እግሩ ሥር የተቀመጠውን ቅል ረግጦ ይሰብራል። ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ ቤቱን የሚያገኘው የሚስቱን ትከሻ ይዞ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ የአባቱም አባት። ዓለምን በመቃ ቀዳዳ የሚያዩ ይመስል ሰፈሩ «እነ መቃ ዓይን» ይላቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ማሽላ ከወፍ ይጠብቃል ቢባል ማን ያምናል? ሷሊሕ ግን አገር ያወቀው ወንጫፊ ነው። ምሥጢሩ ሚስቱ ሙሚና ናት። እሱ ማማው ላይ ወንጭፉን አንግቦ ይቆማል፤ እሷ ከታች፣ ማሽላው መሐል ሆና፣ ወፉ የመጣበትን ወገን በዜማ ትነግረዋለች፦

በቀኝ ነው ወፊቱ፣ ዓይንህን አዙራት፤
ማሽላዬን በልታ ሳትጠግብ አባራት።

ይህን ጊዜ ሷሊሕ አንገቱን ወደ ቀኝ ይመልሳል፤ ወፏ በዚያች በጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ ከገባች አለቀላት።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ የሮቢን ድልድይ የሚያስጠብቀው ካፒቴን በዚያ ሲያልፍ ሷሊሕ በአንድ ድንጋይ ወፍ ሲጥል አየና ፈረሱን አቆመ። የሙሚናን ዜማም ሰማ፤ ለሱ የገበሬ ሚስት እንጉርጉሮ ነበር።

«ይህ ዓይን ለወፍ ይባክናል?» አለ በቱርጁማኑ በታከለ አፍ። «ከነገ ጀምሮ የድልድዩ ማማ ላይ ትቆማለህ። ሽፍታ ሲያልፍ ካየህ ፊሽካ ትነፋለህ።»

«ጌታዬ፣ የኔ ዓይን እኮ...»

«ጎበዝ ነው! አይቻለሁ!»

ታከለ የአንኮበር ሰው ነው። ሷሊሕ ያላለቀውን ዓረፍተ ነገር ሲውጥ አየና ምንም አልጨመረም።

ሙሚና ይህን ስትሰማ ሳቋ ማሽላውን አወዛወዘው። «አንተን? ዘበኛ? ባለፈው ጁምዓ በኔ ላይ ተደናቅፈህ ‹ይህን ግንድ ማን ጣለው› ያልከውን ሰውዬ?»

«ግንድ አላልኩም።»

«ብለሃል!»

ከዚያ ወዲያ ምሳውን ይዛለት እየመጣች ከማማው ሥር ትቀመጥ ጀመር። የቆላው ሐሩር ቀትር ላይ ወታደሩን ሁሉ ከጥላ ሥር ያጋድመዋል። ያኔ ንጉሤ የሚባል ከቀወት የመጣ ጎረቤታቸው ለአርበኞች ስንቅ የጫኑ በቅሎዎቹን ይዞ በድልድዩ ግራ በኩል ወንዙን ይሻገራል። ሙሚናም ታዜማለች፦

የግራውን ተወው፣ ባለቤት አለበት፤
ቀኙን ጠብቅልኝ፣ ወፍ እንዳይገባበት።

ሷሊሕ ታዛዥ ባል ነው። ቀኙን ይጠብቃል። የበቅሎ ኮቴ በግራ ጆሮው ይገባል፤ እሱ ግን የተቀጠረው ለማየት እንጂ ለመስማት አልነበረም።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ ነገሩን ያፈረሰው የበቅሎ ፋንድያ ነው። አንድ ወታደር ከማማው ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ ከስምንት በቅሎ ዱካ ጋር፣ ገና ትኩስ ሆኖ አገኘው። ካፒቴኑ ሷሊሕን አሳስሮ ጮኸበት፤ «ስምንት በቅሎ በአፍንጫህ ሥር አልፏል! ከሽፍቶቹ ጋር ተመሳጥረህ ነው! ነገ ጠዋት ትሰቀላለህ!»

«ወላሂ ጌታዬ፣ በዓይኔ አላየሁም።»

«ከወንዝ ማዶ ወፍ የምታይ ሰውዬ በቅሎ አላየሁም ትላለህ?»

ሷሊሕ እውነቱን ተናግሮ ለመሰቀል የመጀመሪያው መቃ ዓይን ሊሆን ነው።

ያን ቀን ወታደሮቹን ሊመረምር የመጣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበር። ሷሊሕ እየተነዳ ወደ ጦር ሰፈሩ ክፍል ሲገባ የበሩን መቃን በትከሻው፣ ወንበሩን በጉልበቱ ሲገጭ አይቶ «ቆይ» አለ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀለ፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ አደረገ። ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ነጭ ዶቃ ሰክቶ «ነጥቡን ብቻ እይ፤ ዓይንህን አታንቀሳቅስ። ዶቃው ሲታይህ ‹መጣ› በል» አለው።

መጀመሪያ አንድ ወታደር ተቀመጠ። ዶቃው የጨርቁን ጠርዝ ከመርገጡ «መጣ!» አለ። ተራው የሷሊሕ ሆነ።

«መጣ?» አለ ታከለ።

«አልመጣም።»

«አሁንስ ጋሼ ሷሊሕ?»

«ገና መንገድ ላይ ነው መሰል።»

«አሁንስ?»

«ሩቅ አገር ነው እንዴ የሚመጣው?»

ዶቃው ነጥቡን ሊነካ ሲል «መጣ!» አለ። ሐኪሙ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ እንዲሁ። ካፒቴኑ አላመነም። በእግሩ ጣት ጫፍ ተራምዶ ሽጉጡን መዘዘና ከሷሊሕ ግራ ጆሮ ግንድ አንድ ስንዝር አስጠግቶ ደገነው። ታከለ አመድ መሰለ። ሷሊሕ ሽፋሽፍቱን እንኳ አላርገበገበም፤ ይልቅ «ጌታዬ፣ ዶቃው ጠፋ እንዴ? ምነው ቆየ?» አለ።

ሽጉጡ ወደ አፎቱ ተመለሰ።

ሐኪሙ የጠመኔውን ምልክቶች ወረቀት ላይ አጋጥሞ ትንሽ ክብ ሠራ። «አባትህስ?» አለ።

«አባቴ ፊት ለፊት የሚመጣን ሰው ከነጺሙ ይለያል። አንድ ቀን ግን ከጎኑ የቆመች ግመል ገጭቶ ‹አውፍ በሉኝ ሼህ› ብሏታል።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ቀጥሎ የተናገረውን ግን ታከለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተረጎመው። «ከዘር የሚወርድ ነው ይላል ጋሼ። መስኮቱ በየዓመቱ ይጠብባል፤ መድኃኒትም የለው።»

ሷሊሕ «ንገረው፤ ከአባቴ ያገኘሁት ርስት ይኸው ነው» አለ።

ካፒቴኑ ዕውር ዘበኛ አቆመ እንዳይባል ሷሊሕን ፈትቶ አባረረው። ሊወጣ ሲል ግን «ያች ሴትዮ ከማማው ሥር ምን ነበር የምትዘፍነው?» ብሎ ጠየቀ። ታከለ ጣሪያውን አየና «ስለ ወፍ ነው ጌታዬ» አለ።

ሙሚና ደጅ ቆማ ነበር። ሷሊሕ በአጠገቧ አልፎ ሄደ።

«አንተ ሰውዬ! ግንዱ እኔ ነኝ!»

ዞሮ ወረቀቱን ዘረጋላት። «ሐኪሙ የኔን ዓለም ሥሎ ሰጠኝ። ይችው ናት።»

ሙሚና ክቧን በጣቷ ዞረቻት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳቋ ጠፋ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ልክ በዓይኑ ክብ መሐል ላይ። «አሁንስ? መጣሁ?»

«መጣሽ» አለና ቀስ ብሎ አዜመ፦

ዓለም ሰፊ ቢሆን፣ የኔ ሲኒ አከለች፤
አንቺን ከያዘችማ፣ ምን ጎደላት? ሞላች።

ሊያቅፋት ሲራመድ በግራ በኩል ያስቀመጠችውን የውኃ እንስራ ረገጠው። ውኃው እግራቸው ላይ ፈሰሰ።

«ግራህን አታይም?»

«አንቺው አይደለሽ ባለቤት አለበት ያልሽኝ?»