አስራ ሰባተኛዋ ደብዳቤ

ቅዳሜ ጠዋት የቢሯችንን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልዬ ከገርጂ ተነሳሁ። መጀመሪያ አትላስ አካባቢ ካለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ፣ ከዚያ ቦሌ ቡልቡላ እትዬ ብርቄ ቤት መድረስ ነበረብኝ። በማግስቱ የባለቤታቸው የጋሽ ወርቁ አርባ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለእትዬ ብርቄ ያልደረሰች አንዲት ደብዳቤ አለች። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ጋሽ ወርቁ የቢሯችን የእህል ዘር ባለሙያ ነበሩ። ለሕክምና ናይሮቢ ከሄዱ በኋላ ለሚስታቸው በኢሜይል ይጽፉ ነበር። እዚያ ያለ ባልደረባችን የነገሩትን አማርኛ በእንግሊዝ ፊደል እየመታ ይልካል፤ እኔ ጸሐፊዋ ደግሞ በእጄ ወደ ፊደላችን ገልብጬ ለእትዬ ብርቄ አደርሳለሁ። ጋሽ ወርቁ ሥርዓት ወዳድ ስለነበሩ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር አለው። አስራ ሰባተኛዋ «ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አቃተኝና ዘጋኋት። እንዲህ ያለ ወሬ በሽማግሌ ነው የሚነገር፤ እኔ ማን ነኝ አልኩ። አስራ ስምንተኛዋን ስወስድም፣ ቁጥር መዝለሌን ማን ያስተውላል ብዬ ነበር። ከእሷ በኋላ ሌላ አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ ልገለብጣት ስል የኢሜይሉ ፕሮግራም አልከፈት አለ። ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙን ሲተክሉልን ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአንድ ፋይል ይጠራቀሙ ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጥ ብለው ጠይቀውኝ፣ አንዱ ፋይል ቦታ ይቆጥባል ስላሉኝ እሱን መርጬ ነበር። ናይሮቢ ያለው ባልደረባችን የላከውን አላስቀረም፤ ደብዳቤው ወደ እኛ ከወረደ በኋላም ሌላ ቦታ አይቀመጥም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መንገድ

የታክሲው ሹፌር የወሎ ሰው ነው። ሃያ አምስት ብር ብሎ በአስራ ስምንት ተስማማን።

«የታቀፍሽው ሕፃን ነው እንዴ እህቴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«አያያዝሽን ሳይ የታመመ ልጅ መስሎኝ።»

«እሱስ ታሟል» አልኩት። የገርጂ ኮረኮንች እስኪያልቅ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ቀስ ይል ነበር። በመገናኛ አድርገን፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ታጥፈን አትላስ ደረስን። ስወርድ «አላህ ይማር» አለኝ። ለኮምፒውተሩ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

አራት ሰዓት፣ አትላስ

ጠጋኙ ሄኖክ ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ ፎቅ ላይ በጠባብ ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው።

«ሲስተር፣ አንድ ፋይል ላይ ዓመት ሙሉ ስትደራርቢበት ነው የኖርሽው» አለኝ። «ደብዳቤዎቹ ጫፍና ጫፋቸው ተገጣጥመው ነው የተቀመጡት። መሀል ላይ አንድ ቦታ ኮራፕት ሲያደርግ፣ ማለቴ ሲበላሽ፣ ፕሮግራሙ ግራ ይገባውና ሁሉንም ይተወዋል።»

«ጠፋ ማለት ነው?»

«ኧረ አልጠፋም። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በሌላ እንከፍተዋለን።»

በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈተው። ትርጉም የሌለው ምልክት ገጽ በገጽ አለፈ። ቀጥሎ የነገርኩትን የጋሽ ወርቁን ስም ጽፎ ፈለገ፤ አስራ ሰባተኛዋ ብቅ አለች። ወረቀት አውጥቼ መገልበጥ ጀመርኩ፤ አሁን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ሆነብኝ። «እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ አጠገብ ያስቀምጡኛል። ቴሌ ሄደሽ በዚህ ቁጥር ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ልስማ» ይላል፣ ከነቁጥሩ።

አስራ ስምንተኛዋ ትዝ አለችኝ። «እሁድ ጠበቅሁሽ። መስመር አልገኝ ብሎሽ ይሆናል፤ አልተቀየምኩሽም።» በገዛ እጄ ገልብጬ ወስጃታለሁ፤ የምን እሁድ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሄኖክ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ።

ኋላ ላይ «ለወደፊቱስ እንዴት ይቀመጥ?» አለኝ። «ለየብቻ ካደረግሁት ዲስኩን ቶሎ ይሞላዋል፤ ሲከፈትም ይዘገያል። ግን አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።»

«ለየብቻ» አልኩት። ኮምፒውተሩን እስከ ሰኞ እሱ ዘንድ ተውኩት።

ስምንት ሰዓት፣ ቦሌ ቡልቡላ

አስፋልቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የጤፍ ክምርና አቧራ ነው። በእግሬ ግማሽ ሰዓት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ለነገው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እትዬ ብርቄ ጥቁር ለብሰው ጓዳ ነበሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያስቀረሁት ነገር አለ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ሳያነቡ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ደብዳቤዎቹ በተራ ተደርድረዋል፤ በአስራ ስድስተኛዋና በአስራ ስምንተኛዋ መካከል አንድ ባዶ ወረቀት ታጥፎ ገብቷል።

«ቦታዋን ይዤላት ነበር» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«እሁድ ጠበቅሁሽ ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ጠርቶኝ ነበር ማለት ነው። አንቺን መጠየቅ ግን ፈራሁ።»

ቆመው አነበቡ። ቁጥሩ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«እዚህ ብደውል አሁንም የሚያነሳ ሰው ይኖር ይሆን?» አሉ። ከወረቀቱ ቀና ብለው፣ «ለእኔ ብለሽ ያደረግሽው ነው፤ አልረግምሽም። ግን ልጄ፣ ሐዘኔን አንቺ ልትመጥኚልኝ አይገባም ነበር» አሉኝ። ባዶውን ወረቀት አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ደብዳቤዋን በቦታው አስገቡ።

ወደ ገርጂ ስመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ባዶው ወረቀት እስከ ዛሬ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አየዋለሁ፣ ለማንም ይሁን የመጣውን በዕለቱ አደርሳለሁ። የተበላሸው ፋይል እንኳ የተሰጠውን ይዞ ቆይቷል። ጋሽ ወርቁን ያን እሁድ ስልክ አጠገብ ያስጠበቅኋቸው እኔ ነኝ።