ሳይታጠብ ያደረው ብሩሽ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ፊርማ ከዳንግላ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ፊርማው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፈራሚው ግን ስብሰባ ገብተዋል ተባልኩና ከሰዓት በኋላ ተመለሺ አሉኝ። የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ዓመታት የቆየ ሰው መጠበቅን ይለምደዋል ይባላል፤ እኔን ግን በለመድኩት ቁጥር የበለጠ ያደክመኛል። ዝናቡ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበርና ቦታ ሳልመርጥ አስፋልቱ ዳር ካለው ሆቴል ገባሁ። ለዓመታት በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ማዶ የማዞርበት ሆቴል ነው።

በምዕራብ በኩል ካለው መስታወት አጠገብ ተቀምጬ የድንች ወጥ በላሁ። የእንጅባራ ድንች ዛሬም እንደ ድሮው ነው፤ ገና ሳይጎርሱት ይፈርሳል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ስትገባ፣ አስተናጋጇ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣችና፣ ይቅርታ ጠይቃኝ፣ ከጎኔ ያለውን መስታወት ትፈትግ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ከባንኮኒው ሆኖ ዛሬም አልለቀቀም ወይ ይላታል። እሷም እየፈተገችው እንደሆነ ትመልሳለች። ድምጿ ውስጥ ያለውን ድካም አውቀዋለሁ።

ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይ በጎን ስትመታው ብቻ የሚታይ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ የጭረት መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ቆሻሻ አይደለም። ጨርቅ አያነሳውም፣ ሳሙናም አያነሳውም። ከአስር ዓመት በላይ እዚያው ነው፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ አልበቃ ብሎኝ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ያገኘሁትን እየሠራሁ እኖር ነበር። እንጅባራ በየአቅጣጫው ፎቅ የሚበቅልባት ጊዜ ነው። ፎቅ የሠራ ሁሉ ፊቱን መስታወት ያለብሰዋል፤ መስታወቱን ማን እንደሚያጥበው የሚያስብ ግን አልነበረም። በጋ የመንገዱ አቧራና ከሰል ከጫኑ መኪኖች የሚበተነው ብናኝ፣ ክረምት ደግሞ ጭቃው፣ ዓመት ሳይሞላ መስታወቱን ሁሉ የሸክላ መልክ ያስይዙታል።

ጋሼ ይኸነው የመጡት በዚህ መሐል ነው። የአዘና ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ረጅም ዓመት የፎቅ መስታወት ሲያጥቡ ኖረው፣ የሚሠሩበት ድርጅት ሲዘጋ ዕቃውን ለስንብት ሰጥቷቸው ወደ አገራቸው ገቡ። ዕቃው አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ እየገባ የሚያጥር፣ ሲመዘዝ ሦስተኛ ፎቅ የሚደርስ ጥቁር ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ሰፊ ብሩሽ አለው፤ በዘንጉ ውስጥ ቀጭን የውሃ ጎማ ያልፋል፤ ውሃውን አንዲት ትንሽ ፓምፕ ትገፋዋለች። መሰላል የለ፣ ገመድ የለ፤ መሬት ላይ ቆሞ ሰማይ ማጠብ ነው። ውሃውን ከጣሪያ ወርዶ በበርሜል ከጠለለ ዝናብ ይወስዱ ነበር፤ የዝናብ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ አይተውም ይላሉ። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ሰፊ በረንዳ ስለነበር ዕቃቸውን ለማሳደር ሲጠይቁ ተዋወቅን፣ በዚያው ረዳታቸው ሆንኩ። ሴት ልጅ ያን የሚያህል ዘንግ ይዛ ስትወዛወዝ ለማየት ሰው ሥራውን ትቶ ይቆም ነበር።

መስታወት ማጠቡን በሁለት ቀን ለመድኩት። ያደከመኝ ሌላው ነው። ጋሼ ይኸነው ዘንጉን መሬት ላይ አያስተኙም፤ ሁለት ድንጋይ ላይ ያጋድሙታል። ሲያሳጥሩት እያንዳንዱን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ነው የሚያስገቡት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መሐል ከገባች ዘንጉ ይነክሳል፣ መቆለፊያውም እምቢ ይላል። ጎማውን በጨርቅ መሐል እየሳቡ ይጠቀልሉና ሁለቱን አፉን በፌስታል ያስሩታል፤ ክፍት ካደረ ጉንዳን ቤት ይሠራበታል። ብሩሹማ ወጉ የብቻው ነው። ከዘንጉ ይወልቃል፣ በጠለለ ውሃ ይነከራል፣ ፀጉሩ እስከ ሥሩ በጣት እየተፈለቀቀ ይታጠባል፣ ውሃው ይደፋል፣ እንደገና ይነከራል። በመጨረሻ ወደ ብርሃን ያነሱትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ሌላው ሠራተኛ ውሎውን ጨርሶ እግሩን ሲታጠብ እኛ ገና ማጠቢያውን እናጥባለን። አንድ ቀን ማማረሬን ሰምተው ነው መሰለኝ ሳቅ አሉ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ" አሉኝ። "ብሩሽን ረስተውት ነው።"

በዚያ ክረምት መጨረሻ ይህ ሆቴል ሊመረቅ ተቃረበ። ባለቤቱ ቅዳሜ እንድናጥብለት፣ ሥራችንን ከወደደው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኛው እንደምናጥብ ነገራቸው። ለጋሼ ይኸነው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ከፎቅ ፎቅ እየዞሩ ደጅ ሲጠኑ ነው የከረሙት፤ ይህን ካገኙ ሌሎቹ ባለፎቆች ይከተላሉ፣ እርሳቸውም የቀረ ዕድሜያቸውን በአገራቸው ሠርተው ይበላሉ። ሐሙስ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አዘና ሲሄዱ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመለሱና እስከዚያው ዕቃው አደራ እንደሆነ ደጋግመው ነገሩኝ።

በዚያው ማታ የአከራዬ የእትዬ የሺ ባል አረፉ። እድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ። አርብ ከቀብር መልስ ያ የእንጅባራ ዝናብ ወረደ፤ ያላየው አያውቀውም። ድንኳኑ ያረጀ ሸራ ስለሆነ ውሃው መሐሉ ላይ ተጠራቅሞ እንደ ላም ግት ተወጥሮ ተንጠለጠለ። አንዱ ጎረምሳ በቀርከሃ እገፋለሁ ሲል የቀርከሃው ጫፍ ሸራውን በሳውና ውሃው ከገጠር በመጡ አንዲት አሮጊት ላይ ፈሰሰ። አሮጊቷ በአገውኛ የተናገሩትን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሁሉ ተረዳው። ሌላው ግት ደግሞ ልክ ከእትዬ የሺ ራስ በላይ እየከበደ ነበር። የእድሩ ዳኛ ወደ በረንዳው ዞር ብለው፣ ያ ጫፉ ለስላሳ የሆነው ዘንግ የእናንተ አይደለም ወይ አሉኝ።

ለቅሶ ቤት ተጠይቆ እምቢ ያለ ሰው በአገራችን አላየሁም። እኔም አላልኩም፤ እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለት ትዝም አላለኝ። ብሩሹ ሸራውን ሳይጎዳ ውሃውን ወደ ዳር ገፋው፣ ሽማግሌዎቹም መረቁኝ። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ስገፋ ዋልኩ። ያ ሸራ በየለቅሶው ጭቃ ላይ ሲጎተት የኖረ ነው፤ የስንት ዓመት አሸዋውን ለብሩሹ እያስረከበ መሆኑን አላሰብኩትም።

ሰው ቀለል ሲል መሽቶ ነበር። ያለፈውን ሌሊት አልተኛሁም፤ ቀኑን ደግሞ ውሃ ስቀዳ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ዘንግ ስይዝ ነው ያለፈው። ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣሁት። ከላይ ሲያዩት ነጣ። ሥሩን ነገ በማለዳ ተነስቼ አጥበዋለሁ አልኩና ተኛሁ። በማግስቱ የቀሰቀሰኝ የጋሼ ይኸነው ድምፅ ነው።

ጉም ነበር፤ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ሚኒባሱ አርፍዶባቸው ስለነበር ቸኩለዋል። ብሩሹን አንስተው እንደ ልማዳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጉሙ ብርሃን አዩት፣ በአውራ ጣታቸውም አንዴ አበስ አደረጉት። "ታጥቧል" አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄ ቢሆንማ እውነቱን እናገር ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ።

ከምግብ አዳራሹ ሦስት ትልልቅ መስታወቶች ጀመርን። ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው ከፓምፑ ጋር ናቸው። ብሩሹ ሲወጣና ሲወርድ ቀጭን የሆነ፣ ሲር የሚል ድምፅ ነበረው። ሰማሁት። ማቆም ነበረብኝ። ካቆምኩ ግን አውልቆ መንከር፣ መፈልቀቅ፣ መድፋት፣ እንደገና መንከር ሊመጣ ነው፤ የምነግራቸውም ነገር አለ። ለዚያ ሁሉ ጉልበት አልነበረኝም። ከሦስተኛው መስታወት በኋላ ድምፁ ጠፋ። አሸዋው ታጥቦ ያለቀው በመስታወቱ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሄዶ ፀሐይ ወጣች። ባለቤቱ እንግዶቹን ይዞ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ አንዱ እንግዳ አየው፣ ከዚያ ሁሉም አዩት። ጋሼ ይኸነው ቀስ ብለው ቀረቡና ጥፍራቸውን በጭረቱ ላይ አስኬዱ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ብሩሹን አይቼው ነበር። ዓይኔ አታሎኛል።"

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ጎማ እየጠቀለልኩ ነበር። መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

ሆቴሉ ሌላ አላሠራንም። ወሬው በከተማው ዞረና፣ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ መስታወት ይቧጥጣል ተብሎ ሌሎቹም ተዉን። ጋሼ ይኸነው በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ፊታቸው እያቀረቡና እያራቁ ይመለከታሉ። ጤፍ መዳፋቸው ላይ በትነው አንድ አንድ ፍሬ ለመለየት ሲታገሉ አይቻቸዋለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ያደረው ዝምታ በላዩ ተጨምሮ ይከብደኛል። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄደው ዓይናቸውን አስመረመሩ። መስታወቱ በተቧጠጠ ልክ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ዓይኔ ላይ ምንም አላገኙም" አሉኝ። "ለዕድሜዎ እንዲያውም ጥሩ ነው አሉኝ። እንግዲያ ምን ነክቶኝ ነው ያላየሁት? ጭንቅላቴ ይሆን እንዴ፣ ትርንጎ?"

ፈርተው ነበር። እርሳቸው ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ለቅሶውን፣ ድንኳኑን፣ ባልዲውን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ድምፅ ሳይቀር። ከዚያ የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

"ብሩሹ ሸራውን ቀደደው?"

"አልቀደደውም።"

"ለቀስተኛው ላይ ውሃ ፈሰሰ?"

"ከዚያ ወዲያ አልፈሰሰም ጋሼ።"

"እንግዲያስ ብሩሹ ደግ ሥራ ሠርቷል። እኔም ብኖር እሰጥ ነበር" አሉ። "ማዋስሽ አላስቀየመኝም። ሳይታጠብ ማደሩንም ተይው፤ ድካም ነው፣ ማንም ይደክመዋል። ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዓይኔን ሳማው እያየሽ ዝም አልሽ።"

ደክሞኝ ነበር አልኳቸው።

"እኔም ደክሞኛል ልጄ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዘንጉን ክፍል በክፍል ፈታትተን አጠብነው። ከመቆለፊያዎቹ ውስጥ የለቅሶ ቤቱ ቀይ ጭቃ ደርቆ ወጣ። ብሩሹን ሰባት ጊዜ ውሃ ቀየርንለት። ሲደርቅ በነጠላ ጠቅልለው አዘና ወሰዱት፣ ከዚያ በኋላ መስታወት አላጠቡም። ለሆቴሉ ባለቤት ሄጄ ልናገር ብላቸው፣ ያለቀ ነገር ነው ብለው ከለከሉኝ። መከልከላቸው ደስ አለኝ፤ ይህንንም ልደብቀው አልፈልግም። አሁን ልጃቸው ጋር ናቸው። ዓይናቸው ዛሬ በእውነት ደክሟል፤ ስጠይቃቸው በድምፄ ነው የሚለዩኝ።

ባለቤቱ ሁለቱን መስታወቶች ቀየረ፣ ሦስተኛውን መጋረጃ ይሸፍነዋል ብሎ ተወው። መጋረጃው በየትኛው ዓመት እንደተነሳ አላውቅም።

"ተይው እህቴ፣ አይለቅም" አልኳት አስተናጋጇን።

ቆሻሻ ነው አለችኝ፤ ጠዋት ይጠፋና ፀሐይ ስትዞር ተመልሶ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ በደንብ ስለማትፈትጊው ነው ይላታል። ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈትገው ኖራለች። ጣቶቿን አየሁ። ሰውዬውን ወደ ጠረጴዛዬ ጠራሁት፣ ጥፍሩን መስታወቱ ላይ እንዲያስኬድ ለመንኩት። አስኬደ። ጭረት መሆኑን፣ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ብትፈትገው እንደማይለቅ፣ የቧጠጥኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

መጀመሪያ መስታወቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "እኔ የሰማሁት ሌላ ነው" አለ። "ዓይናቸው የማያይ አንድ ሽማግሌ ነው ያበላሸው ሲባል ነው።"

"ዓይናቸው ደህና ነበር" አልኩት። "ሐኪም አይቷቸዋል።"

ይህን ቃል ያኔ፣ ከዚሁ መስታወት ፊት፣ ጎማዬን ጥዬ መናገር ነበረብኝ። የዚያን ጊዜ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ሳይታጠብ ያደረ ነገር ግን ሥር ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ የእኔው ጭረት ከአስር ዓመት በኋላ የማላውቃትን ልጅ እጅ ሲልጥ አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ እሺ ብቻ ብሎ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። ልጅቷ ጨርቁን ጨምቃ ባልዲው ጠርዝ ላይ አሰጣችው፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበርም ሳይፈቀድላት ቁጭ አለች። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ሁለታችንም ጭረቱን እያየን ተቀመጥን፤ የመጣሁለትን ፊርማ ረሳሁት።